የዚያ ትልቅ ቤት የጎን በር

የሰው ሰገራ አያስጠላኝም። ይህን ስታነቡ ፊታችሁን የምታጨፈግጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ግን ወሬውን ከዚህ ካልጀመርኩት ሌላ መጀመሪያ የለውም። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ጓንት አጠልቃለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ አጥባለሁ፤ ከዚያ እጄን ታጥቤ ምሳዬን እበላለሁ። እኔን የሚያስጠላኝ ሌላ ነገር ነው። እሱን ያየሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው በወርቅ ቅብ የተንቆጠቆጠ ቤት ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ወደ ላይ ይለኛል።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰናይት እባላለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ወደ ኮሎምበስ ስመጣ አሜሪካ ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። የእናቴ ጎረቤት የእህት ልጅ የሆነችው እትዬ ሮማን ናት «ትምጣ፣ እኔ እቀበላታለሁ» ያለችው። አበባ ይዛ ኤርፖርት ጠበቀችኝ። ዌስተርቪል ካለው ቤቷ ወስዳ ከእናቷ ክፍል አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጠችኝ። እናቷ እማማ የሺ ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን መትቷቸው በዊልቸር የሚሄዱ፣ ምላሳቸውን ግን ምንም ያልነካባቸው ሴት ናቸው። «ለጊዜው እማዬን ትንሽ እያገዝሽልኝ ቆዪ፣ ከዚያ ትምህርት ትጀምሪያለሽ» አለችኝ። ለጊዜው የተባለው አራት ዓመት ሆነ።

እትዬ ሮማን ክፉ ሰው ናት ብል ውሸት ይሆንብኛል። ወገን ሞተ ሲባል ቀድማ የምትደርስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለችግረኛ የምታስተባብር እሷ ናት። ጸሎት ላይ «እህቴን ሰናይትን ስለ ሰጠኸኝ» ብላ ታለቅሳለች። እንግዳ ቤቷ ሲመጣ ግን እኔና እማማ የሺ በራችንን ዘግተን እንቀመጣለን። ሳቁ በበሩ ስር ይገባል፤ እኛ ቴሌቪዥን እናያለን። እማማ የሺ «ዛሬም ታሰርን» ይሉኛል።

ታዲያ ለምን አልወጣሽም ትሉኝ ይሆናል። ተቀባይ ምን ማለት እንደሆነ ውጭ አገር ያለ ሰው ያውቀዋል። ከኤርፖርት ያነሳሽ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያሳደረሽ ሰው ዕድሜ ልክሽን ባለውለታሽ ነው። ከቤቱ ስትወጪ «ይቅናሽ» ብሎ መርቆ ካልሸኘሽ፣ ወጣች አይባልልሽም፤ ከዳች ነው የሚባለው። ሳትመረቅ ወጣች የተባለች አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሰላም የሚላት ጠፍቶ በመጨረሻ ከተማ ቀየረች። እኔ ያንን አልችለውም ነበር።

እማማ የሺ ሲተኙ በስልኬ እያጠናሁ የነርስ ረዳት ፈተናውን አለፍኩ። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ሰጠኝ። ሚነርቫ ፓርክ ውስጥ አንዲት መበለት የምታከራየው ክፍል አገኘሁ። ሥራዬ የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ ነበር። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እትዬ ሮማን «ይቅናሽ» ማለቷ። ልነግራት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወይ ስልክ ይጠራል፣ ወይ «ሰኑዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትለኛለች፤ እኔም ለነገ እተወዋለሁ።

በዚህ መሃል ነው የእትዬ ሮማን የሃምሳ ዓመት ልደት የደረሰው። ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር፣ ቡክ አደረገች። ባሏ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ፤ ሦስት ሴቶች ሆነን ሄድን። «ላንቺም ስጦታዬ ነው» አለችኝ። ስጦታው ከእማማ የሺ ጋር የምጋራው መስኮት የሌለው ክፍል ነበር፤ የእሷ በረንዳ አለው። እኔም ለራሴ፣ መርከብ ላይ ስልክም እንግዳም የለም፣ ደስ ብሏት ሳለ እነግራታለሁ አልኩ።

መርከቡ ላይ ሰው የሚበላው ተርቦ አይደለም። ሦስት ሳህን ቆልሎ፣ ሁለቱን ነካክቶ ትቶ የሚነሳውን ሳይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንገፈገፈኝ። እትዬ ሮማን ማታ ማታ ለብሳ ታች ካለው ባለ ነጭ ጨርቁ ምግብ ቤት ትወርዳለች። እዚያ ከቴክሳስ ከመጡ ባልና ሚስት ጋር አንድ ጠረጴዛ ደርሷት ወዳጅ ሆናለች። እኔና እማማ የሺ ላይ ካለው ቡፌ እንበላለን። «እማዬ ስትበላ ይንጠባጠብባታል፣ ሰው ፊት ትሳቀቃለች» ብላኝ ነው። እማማ የሺ ተሳቅቀው አላየሁም። የተሳቀቀው ሌላ ሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን መርከቡ ኒውፖርት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ፊት ለፊት ቆመ። ድሮ የባቡርና የባንክ ጌቶች በጋውን ብቻ ሊያሳልፉባቸው የሠሯቸው ቤተ መንግሥት የሚያካክሉ ቤቶች ያሉባት ከተማ ናት። መርከቡ በአውቶቡስ የሚያዞር አስጎብኚ አለው። እትዬ ሮማን አልፈለገችም።

«ኤክስከርሽን ምን ያደርግልናል?» አለች። «እኔ ዩቲዩብ ላይ ሁሉንም ዋች አድርጌዋለሁ። በራሳችን ሄደን ሪላክስ እያደረግን እናያለን።»

«በራሱ የሄደውን መርከቡ አይጠብቀውም ተብሏል» አልኩ። «የመጨረሻዋ ጀልባ አሥር ሰዓት ላይ ናት።»

«አሥር ሰዓት እስኪደርስማ ይሰለቸናል። ደግሞ ያቺን ጥቁር ቦርሳ ተያት፤ ፒክቸር ላይ ታስጠላለች። ለሁለት ለሦስት ሰዓት እማዬ ምን ትሆናለች?»

ጥቁሯ ቦርሳ ውስጥ የእማማ የሺ ቅያሪ ልብስ፣ ዳይፐር፣ ጓንትና እርጥብ መጥረጊያ አለ። ያለ እሷ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሆኖም የዚያን ቀን ልነግራት ስላሰብኩ ላናድዳት አልፈለግሁም። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ትቻት ወጣሁ።

በትንሽዋ ጀልባ ወደ ከተማው ተሻገርን፤ መርከበኞቹ ዊልቸሩን ከነእማማ የሺ አንስተው አወረዱልን። በከተማው አውቶቡስ ቤቶቹ ካሉበት ጎዳና ደረስን። አጥሩ፣ የብረቱ በር፣ የሣሩ ስፋት ጉድ ነው። እትዬ ሮማን ከመጀመሪያው ትልቅ ቤት ፊት ቆማ ስልኳን አወጣች። ደረጃው ነጭ እብነ በረድ ነው። በሩ ላይ የቆመችው ወጣት ዊልቸሩን አይታ በትህትና «ለእናንተ በጎን በኩል በር አለ» አለችን።

«እናንተ በዚያ ግቡ፣ ውስጥ እንገናኝ» አለች እትዬ ሮማን፣ ደረጃውን እየወጣች። ቪዲዮ ጀምራ ነበር።

እማማ የሺ ቤቱን ሽቅብ አዩት። «የማን ቤት ነው?»

«የድሮ ሀብታም ቤት ነው እማማ።»

«ባለቤቱ የታለ? ሰላም ሳንለው እንገባለን?»

«ሞቷል።»

«ልጆቹስ?»

«እነሱም ሞተዋል።»

«ታዲያ ማን ግቡ አለን?» አሉ። ዊልቸሩን ወደ ጎን በሩ ገፋሁት።

የጎን በሩን የከፈቱልን ቁልፍ በወገባቸው ያንጠለጠሉ ባለ ነጭ ፀጉር ሰውዬ ናቸው። ገብተን ያገኘነው ሰፊ ወጥ ቤት ነው። የመዳብ ድስቶች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ሠራተኞች የሚጠሩባቸው የደወሎች ረድፍ አለ። ሰውዬው ዊልቸሩን ወደ አሳንሰሩ እያሳዩኝ አስረዱኝ። ይህ የሠራተኞች በር ነበር። ሠራተኞቹ የሚወጡበት ደረጃ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ጌቶቹና እንግዶቻቸው መንገድ ላይ እንዳያገኟቸው ተብሎ። ለእማማ የሺ ተረጎምኩላቸው።

«ምን አጥፍተው ነው?» አሉ።

«ምንም። እንዳይታዩ ነው።»

«ምግቡን የሠሩት እነሱ፣ ምግቡ ይታያል፣ እነሱ አይታዩም?»

«አዎ እማማ።»

«አስቀያሚ ቤት ነው» አሉ። ላይ ሳይወጡ ፈረዱበት።

ላይ ስንወጣ እትዬ ሮማን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። እውነት ለመናገር ዓይኔ መቆሚያ አጣ። ጣራው በወርቅ ቅብ ነው፤ ምሰሶው ቀይ እብነ በረድ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ማንኪያው ሁሉ ተደርድሮ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል። የሚመጣ ሰው ግን የለም። ለሞተ ሰው የተዘረጋ ማዕድ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው።

«ተዝካር ነው እንዴ?» አሉ እማማ የሺ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እኛ ጴንጤ ብንሆንም እሳቸው እስከ ዛሬ ኦርቶዶክስ ናቸው።

እትዬ ሮማን ዞር አለች። «እማዬ፣ ቀስ! ሰኑ፣ ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ አድርጊያት፤ ፍሬም ውስጥ ገባች።»

ፈቀቅ አደረግኋቸው። ፎቶ አነሳኋት። በጠረጴዛው፣ በምድጃው፣ በመስኮቱ አጠገብ፣ ባሕሩን ጀርባዋ አድርጋ። «እንዲህ ያለ ቤት ጌታ ቢሰጠኝ!» ትላለች በየመሃሉ። እኔ ደግሞ ከታች ያየሁት የደወል ረድፍ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። እሷ ቤት ደወል የለም። «ሰኑዬ!» ነው የምትለው።

ያኔ እማማ የሺ እጄን ያዙ። «ሰናይት፣ ሆዴን» አሉኝ ዝግ ብለው።

ፊታቸውን አይቼ እንዳለፈ አወቅሁ። የመርከቡ ቁርስ ነው፤ ዘይት የማይነካው ምግብ የለም። ሽታው ወዲያው መጣ። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ወደ በሩ ሄደች። ወደ አሳንሰሩ ለማዞር ዊልቸሩን ስይዝ፣ በዚያው በር የመርከቡ አስጎብኚ ያመጣቸው ሰዎች ገቡ። ከፊት ያሉት የቴክሳሶቹ ባልና ሚስት ነበሩ።

«ሮማን!» አለች ሴትዮዋ ደስ ብሏት። ተቃቀፉ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ እኛ አየች። የእትዬ ሮማንና የእማማ የሺ መልክ ቁርጥ አንድ ነው፤ ግንባራቸውና አፍንጫቸው እናትና ልጅ መሆናቸውን ይመሰክራል። በደግነት ነው የጠየቀችው፦ «እናትሽ ናቸው?»

እትዬ ሮማን አየችን። ቀሚሱ ላይ የወጣውን እድፍ አየች። መሀረብ አውጥታ አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ኖ፣ ኖ» አለች እየሳቀች። «ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡ አሮጊት ናቸው። ያቺ አስታማሚያቸው ናት።»

እንዳልሰማሁ ልሁን ብዬ ነበር፤ አልተቻለኝም። ከዚያ እትዬ ሮማን ወደ እኛ ጠጋ ብላ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ ለሚያያት ሰው የምትራራ በሚመስል ድምፅ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ «ቶሎ ከዚህ አውጫት። እኔ ከእነሱ ጋር ሌላውን ቤት አያለሁ። ጀልባው ጋ እንገናኝ።» የእናቷን ዓይን አላየችም።

አስጠላችኝ። ሌላ ቃል ፈልጌለት አላገኘሁም። ተናደድኩ እንዳልል ንዴት ይሞቃል፤ ያ ግን ቀዝቃዛ ነገር ነበር። ከሽቶዋ የመጣው ጠረን ከእማማ የሺ ቀሚስ ከመጣው የባሰ ሆነብኝ። ወርቁም፣ ለሙታን የቀረበው ሳህንም፣ አራት ዓመት ሙሉ «እህቴ» ስትለኝ አንጀቴ የራሰው ሁሉ አንድ ላይ ተደባለቀብኝ። ዊልቸሩን ገፍቼ ወጣሁ።

ከታች ባለ ነጭ ፀጉሩ ሰውዬ ሳልነግራቸው ገባቸው። የሠራተኞችን መታጠቢያ ከፍተው ፎጣ፣ ሳሙናና የላስቲክ ከረጢት አመጡልኝ። «የእኔም እናት እንዲሁ ነበረች» አሉኝና በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ጎብኚ እንዳያልፍ።

ጓንት የለኝም። በባዶ እጄ አጠብኳቸው። ሌላ ጊዜ ሳጥባቸው እማማ የሺ አፋቸው አያርፍም፤ ውሃው ቀዘቀዘ፣ እጅሽ ከበደ ይላሉ። የዚያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቅያሪ ስለሌለ ከጠባብ ሱሪዬ በላይ የለበስኩትን ረጅም ጉርድ አውልቄ አለበስኳቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ሴት በዚያ ዓይነት ሱሪ ብቻ አደባባይ አትወጣም። እኔ ግን ያን ሰዓት ስለ ራሴ ማፈር አልቻልኩም፤ ኀፍረቴን ሌላ ሰው ጨርሶብኝ ነበር።

ስንወጣ አውቶቡሱ ሲያልፍ ደረስን። እጄን ባውለበልብም አልቆመም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሌላ ከጠበቅሁ ጀልባዋ ታመልጠናለች። ካመለጠችን ፓስፖርታችን መርከብ ላይ፣ የእማማ የሺ መድኃኒት መርከብ ላይ፣ እኛ የማናውቀው ከተማ። መንገዱ ወደ ወደቡ ስለሚያዘቀዝቅ መግፋት ጀመርኩ። በሁለቱም በኩል አጥር፣ አጥር፣ አሁንም አጥር። ከአጥሩ ኋላ ያሉት ቤቶች ሁሉ በዚያች ሰዓት አንድ ሆነውብኝ ነበር።

ብዙ ከሄድን በኋላ እማማ የሺ ከዊልቸሩ ላይ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«እንግሊዝኛ አይገባትም ብላ ነው?»

መግፋቴን ቀጠልኩ።

«አራት ዓመት ቴሌቪዥን ፊት ሲያስቀምጡኝ ምን የምማር መስሏቸው ነው? ሴትዮዋ ‹ማዘር› አለች። ልጄ ‹ኖ› አለች። ከዚህ በላይ ምን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል?»

እንባዬ መጣ፤ ሁለቱም እጆቼ ዊልቸሩ ላይ ስለሆኑ መጥረግ አልቻልኩም። እሳቸው ግን አላለቀሱም።

«ሥራሽን መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉኝ።

እግሬ ቆመ። «ማን ነገረዎት?»

«ተኝታለች ብለሽ ስታጠኚ ማን አብሮሽ ያጠና መሰለሽ? በስልክ ከሴትዮዋ ጋር ስለ ክፍሉ ስታወሪም ነቅቼ ነበር። ለምን አልነገርሻትም?»

«እሷ ተቀባዬ ናት እማማ። ሳትመርቀኝ እንዴት እወጣለሁ?»

«ያ ቤት የማን ነው? ትልቋ ማን ናት?»

«እርስዎ።»

«አቁሚው እንግዲህ።»

«ጀልባው ያመልጠናል።»

«አቁሚውና ወደ ፊቴ ነይ።»

ከአንድ ትልቅ ቤት የብረት በር አጠገብ አቆምኩ። ፊታቸው ተንበረከክሁ። የሚሠራውን እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። «እግርሽን እንቅፋት አይምታው። የረገጥሽው ይለምልም። እኔን ያነሳ እጅሽ አይዛል። ሂጂ፣ ይቅናሽ» አሉና በሁለት በኩል «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉብኝ።

ይህን እትዬ ሮማን ከልክላቸው ነበር። ምራቅ ጀርም ነው፣ ደግሞም የድሮ ነገር ነው ትል ነበር። ግንባሬ ላይ ያረፈው ነጠብጣብ ይሰማኛል። አልጠረግሁትም።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ልጅ አለችኝ» አሉ። «ታንሳኝ።»

ተነስቼ ሮጥኩ። ሰው እያየን፣ ዊልቸሩ እየተንቀጫቀጨ፣ እማማ የሺ «ቀስ፣ በመረቅሁሽ እንዳትገድይኝ» እያሉ። ወደቡ ስንደርስ ጀልባዋ ገመዷን እየፈታች ነበር። አንዱ መርከበኛ አይቶን እጁን አነሳ፤ ገመዱን መልሶ ጣለው።

እትዬ ሮማን ከቴክሳሶቹ ጋር ተቀምጣለች። ስታየኝ ዓይኗ ሱሪዬ ላይ አረፈ። «ሰናይት፣ ምን ለብሰሽ ነው ሰው ፊት?» አለች በአማርኛ።

የቴክሳሷ ሴት ግን ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣች። «አሮጊቷ ደህና ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው» አልኳት በምችለው እንግሊዝኛ። «የእሷ እናት ናቸው።»

ጣቴን አልቀሰርኩም፤ አላስፈለገም። ሴትዮዋ ሮማንን አየች፣ እማማ የሺን አየች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ባሏ ባሕሩን ማየት ጀመረ።

እትዬ ሮማን አጠገቤ መጣች። «አዋረድሽኝ። እኔ! ከኤርፖርት ያነሳሁሽ!»

«አንስተሽኛል እትዬ ሮማን። እግዜር ይስጥልኝ፤ ከልቤ ነው። ሰኞ ግን ሥራ እጀምራለሁ። ቤትም አግኝቻለሁ።»

«አሃ! ለካ አስበሽበት ነው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይሄ ነው። ሳልመርቅሽ ትወጫለሽ፤ ኮሎምበስ ውስጥ የት እንደምትገቢ አያለሁ።»

«መርቄያታለሁ» አሉ እማማ የሺ።

እትዬ ሮማን ዞረች። እናቷን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየቻቸው።

«መርቄ ጨርሻለሁ» አሉ። «አሁን ስንደርስ የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ። እሷ ትረፍ።»



የዚያን ቀን እትዬ ሮማን እናቷን አጠበች። እኔ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ነበር። ሲያቅለሸልሻት ይሰማኛል፤ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ልነሳና ላግዛት ሦስት ጊዜ ብድግ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያ መቀመጥ ነው የከበደኝ።

ከተመለስን በኋላ ሚነርቫ ፓርክ ገባሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ነበር፤ ሳትመረቅ ወጣች ተባለ። እማማ የሺ ለሽማግሌዎቹ ሚስቶች በየተራ አስደውለው «የመረቅኋት እኔ ነኝ፤ ጥያቄ ያለው ይምጣና ይጠይቀኝ» አሏቸው። የመጣ የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ የሺን ልጠይቅ እሄዳለሁ። የሚንከባከባቸው ሰው ተቀጥሯል፤ ሰውየው በሚቀርበት ቀን ግን እትዬ ሮማን ናት። «አሁንም ያቅለሸልሻታል» አሉኝ በቅርቡ። «ግን ታጥባለች። እጇ ይቀዘቅዛል እንጂ ለምዳለች።» ባለፈው ወር እትዬ ሮማን በሩ ላይ አንድ ከረጢት ሰጠችኝ። ውስጡ የዚያን ቀን ጉርዴ ነበር፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ያዝኩት። ስታቅፈኝ ሰውነቴ አሁንም ይሸሻል። ታረቅን ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም።

ተቀባይ የሆናችሁ፣ ያነሳችሁትን ሰው ማስቀመጥንም እወቁበት። እናንተ የተነሳችሁ ደግሞ፣ የሚመርቃችሁ ሰው የቤቱን ቁልፍ የያዘው ብቻ አይምሰላችሁ። ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም፤ ብቻ በሥራዬ ላይ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። የአረጋውያኑ ልጆች ሊጠይቁ ሲመጡ፣ አንዳንዶቹ በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ይዘው «አስታማሚ! እሷ አስታማሚ የላትም?» ብለው ይጣራሉ። አልቆጣቸውም። ቀርቤ «እናትዎ ናቸው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

«አዎ» ካሉኝ ጓንት አቀብላቸዋለሁ።